ሳትነግር አትውጋ

ጋሼ ዝምታ ያልደረሰበት የለም። ሆዱ ሁለት ጊዜ ተከፍቶ ተዘግቷል፤ አንገቱ ተሰንጥቆ ተለጥፏል፤ ግራ ጆሮውን አንድ ችኩል ተማሪ ትኩሳት እለካለሁ ብሎ ስለገነጠለው በክር ነው የተያዘው። ክንዱማ አይነሳ፤ በመርፌ ብዛት ወንፊት ሆኖ፣ ተጥፎ፣ እንደገና ወንፊት ሆኗል። ይህን ሁሉ ችሎ አንድም ቀን «እህ» ብሎ አያውቅም። ስሙንም ያገኘው ከዚሁ ነው። ጋሼ ዝምታ የጤና ኮሌጅ ተማሪዎች መርፌ መውጋትና ቁስል ማጠብ የሚለማመዱበት አሻንጉሊት ነው፤ ቁመቱ የደህና ሰው ቁመት፣ ውስጡ ሰፍነግ፣ ፊቱ አውቶቡስ እንዳመለጠው ሰው ቅጭም ያለ።

ይህን አሻንጉሊት እየሰፋች ሃያ ስድስት ዓመት ያኖረችው ሴት እትዬ መርፌ ትባላለች። ስሙን ያወጡላት ተማሪዎች ናቸው። መጀመሪያ ከኋላዋ ነበር የሚሏት፣ ቀጥሎ ፊት ለፊት፤ ይኸው ዛሬ የኮሌጁ ዘበኛ እንኳ ሌላ ስም እንዳላት ረስቷል። እሷም አትከፋም። «መርፌ ትንሽ ናት፤ ግን ያለሷ ማን ለብሶ ይወጣል?» ትላለች።

ወደ ኮሌጁ የመጣችው ለአንድ ሳምንት ሥራ ነበር። ያኔ አንሶላና መጋረጃ ሰፊ ነበረችና ለመለማመጃው ክፍል አልጋዎች አንሶላ እንድትሰፋ ተጠራች። ሥራዋን ጨርሳ ልትወጣ ስትል ጥግ ላይ ክንዱ የተተለተለ አሻንጉሊት አየች።

«ይሄስ?»

«እሱ አልቆለታል፤ ይጣላል» አላት የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሰውዬ።

«ምን ማለት ነው ይጣላል? የተቀደደ ሁሉ ከተጣለ ማን ይተርፋል?» አለችና ቦርሳዋን መልሳ አስቀመጠች።

ወንበር ስባ፣ የአሻንጉሊቱን ክንድ ጭኗ ላይ አጋድማ፣ ወፍራሙን መርፌ ላስቲኩ ላይ ስትሰካ አፏ አምልጧት «ይቅርታ ወንድሜ» አለች። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ተማሪዎች በሳቅ ፈረሱ። ድምፃቸው ብረት የሚቆርጥ አንዲት አስተማሪ ነበሩ፤ ሁሉም ሰው ሲስተር ነው የሚላቸው። ከወዲያ ማዶ ዞር አሉ።

«ምን አልሽ አንቺ?»

«ኧረ ምንም፣ ሲስተር። አፌ ነው።»

«ብለሻል። ድገሚው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ እያላት ደገመችው። ሲስተር ወደ ተማሪዎቹ ዞሩ።

«ሰማችሁ? ይቺ ሰፊ ሰፍነግ ይቅርታ ጠየቀች። ትናንት ሆስፒታል ክፍል ሰባት የተኛችውን ሴትዮ ከእናንተ ማን ይቅርታ ጠየቃት?»

ሳቁ እንደ መብራት ጠፋ። ሲስተር በዚያው ዕለት በወፍራም ቀለም ጽፈው ግድግዳው ላይ ለጠፉት፦ ሳትነግር አትውጋ። ከዚያ ወዲህ የክፍሉ ሕግ ይኸው ነው። ተማሪው የሚያደርገውን ለአሻንጉሊቱ ይነግረዋል፤ አንድ ትንፋሽ ይጠብቃል፤ ከዚያ ይወጋል፤ ሲጨርስ ያመሰግነዋል። አንዷን የዘለለ እጁን ከመታጠብ ጀምሮ እንደገና። ሲስተር ጡረታ ወጡ፤ የግድግዳው ጽሑፍ ደበዘዘ፤ ሕጉ ግን እትዬ መርፌ እጅ ላይ ቀረ። ጥግ ላይ ተቀምጣ እየሰፋች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ «አልነገርከውም» ትላለች።

«እትዬ፣ ሰፍነግ እኮ ነው!»

«አውቃለሁ፤ የሞላሁት እኔ ነኝ። ንገረው።»

እንግዲህ ቀና ሳትል ሁሉን ታያለች የተባለላት ሴት፣ ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ ቀና ብላም አታይም። ቀኝ ዓይኗ ላይ ሞራ ወጣ። ግራው ደግሞ ከቀኙ እየኮረጀ ነው። ዓለም እንፋሎት በሸፈነው መስታወት ማዶ ያለች ሆነችባት፤ ክር የምታስገባው በዓይኗ ሳይሆን በከንፈሯና በጣቷ ነው። ለማንም አልተናገረችም፤ ሰፊ ዓይኔን አለች ማለት ሾፌር እጄን አለ ማለት ነው።

የዓይን ሐኪሙ ግን አልሸሸጓትም። «ቀዶ ጥገናው በአንድ ሰዓት የሚያልቅ ነው። ግን ሞራው እየጠነከረ ነው። ሁለት ቀጠሮ አሳልፈዋል፤ ሦስተኛውን ካሳለፉ ምን እንደማገኝ ቃል አልገባልዎትም። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ደግሞ ሁለት ሳምንት ማጎንበስ የለም። ቁስል የነካ እጅ ወደዚያ ዓይን እንዳይደርስ!»

ችግሩ እዚህ ላይ ነበር። ቤት ውስጥ ቁስል አለ።

የምትኖረው ከታላቅ እህቷ ጋር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። እህትየው መምህርት ነበረች። ሠላሳ ዓመት ሰሌዳ ፊት ቆማ ሒሳብ ስታስተምር እግሯ ደሙን ወደ ላይ መመለስ ሰነፈና፣ ከቁርጭምጭሚቷ ከፍ ብሎ መዳፍ የሚያህል ቁስል ተከፈተ። ጠበበ ሲሉት ይሰፋል። በየቀኑ ጠዋት በእትዬ መርፌ እጅ ፋሻው ተፈቶ፣ ቁስሉ ታጥቦ፣ በንጹሕ ይታሰራል። ደረጃ መውረድ አትችልም። ምላሷ ግን ጤነኛ ነው፤ ጎረቤት አልጋዋ ዳር የሚሰበሰበው ሊጠይቃት ይመስላል እንጂ ስቆ ሊሄድ ነው።

ሦስተኛው የቤቱ ሰው የመምህርቷ ልጅ ነው፤ ሠላሳ ሁለት ዓመቱ። ክፍሉን ዘግቶ የኮምፒውተር ፕሮግራም ይጽፋል። እናቱ «ሊቁ» ትለዋለች፤ ስታሞግሰውም በዚያው ስም ነው፣ ስትሰድበውም። ደግ ልጅ ነው፤ ዳቦ ይገዛል፣ አምፖል ይቀይራል፣ ውሃ ሲጠፋ ሦስት ፎቅ ተሸክሞ ይወጣል። አንድ ነገር ብቻ አይሆንለትም፤ ቁስሉ ሲታጠብ እዚያ ክፍል አይገባም። ፋሻው መፈታት ሲጀምር ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ በሩን ይዘጋል።

አንድ ጊዜ ሞክሮ ነበር። እትዬ መርፌ በጉንፋን የወደቀች ጊዜ። ፋሻው ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ አገኘውና ቶሎ ልገላግላት ብሎ አንዴ ሳበው። መምህርቷ የጮኸችው ጩኸት ከታች ፎቅ ሰው አስወጣ። ልጁን በኋላ ያገኙት ደረጃው ላይ ተቀምጦ፣ ፊቱ አመድ መስሎ ነው።

አንድ እሑድ፣ ሾርባቸውን አልጋው ዳር ይዘው ሲጠጡ፣ እትዬ መርፌ ቀጠሮዋን ነገረቻቸው። የሚመጣው ሳይሆን የሚቀጥለው ሐሙስ።

«ሁለት ሳምንት ብቻ ነው ልጄ» አለችው። «እኔው አሳይሃለሁ።»

ሊቁ ማንኪያውን አየ። «ነርስ እንፈልግ።»

«በየቀኑ ሦስት ፎቅ የሚወጣልኝ ነርስ ካገኘህ አገባዋለሁ» አለች እናቱ።

«እማዬ፣ የምሬን ነው።»

«እኔስ? የማላገባው መስሎህ ነው?»

እትዬ መርፌ አልሳቀችም። «ልጄ፣ ይህን ቀጠሮ ካሳለፍኩ ዓይኔ ይሄዳል። ዓይኔ ከሄደ ሥራዬ ይሄዳል። ይህንንም ፋሻ በዳበሳ ልሰራው ነው።»

ሊቁ ሳህኑን አስቀመጠና፣ ሁልጊዜ ሲጨንቀው እንደሚያደርገው፣ ወደ ሩቅ ሄደ። የሚሄደው በእግሩ ሳይሆን በንግግር ነው።

«አንድ ነገር ልንገራችሁ? እኔ የምሠራበት ሙያ ላይ ሰዎች ኮምፒውተር ውስጥ ትንንሽ ዓለም ይሠራሉ። ዝናብ ይዘንብበታል፤ ሰዎች ይሄዱበታል፣ ይወድቁበታል። ማሽኑ በጣም ሲራቀቅ ውስጡ ያሉት ሰዎች ራሳቸውን እውነተኛ ነን ማለታቸው አይቀርም። እኛስ እንደዚያ አለመሆናችንን በምን እናውቃለን? ይህ ቤት፣ ይህ ሾርባ፣ ሕመሙም ጭምር፣ የሆነ ቦታ የተጻፈ ቁጥር ሊሆን ይችላል።»

«ቁጥር ከሆነማ የኔ ሙያ ነው» አለች መምህርቷ። «ቀንሰው!»

ሊቁ ሳይወድ ሳቀ።

«እውነቴን ነው። ይህን እግር የጻፈው ሰውዬ የት ነው የሚቀመጠው? አድራሻውን አምጣልኝና ደብተሩን በቀይ ላርመው። ስንቱን ሰነፍ አቃንቻለሁ።»

«እና አንተ እንዳልከው ቢሆን» አለች እትዬ መርፌ ቀስ ብላ፣ «እናትህን አያማትም ማለት ነው?»

«ያማታል... ግን የሚያመው ሰው ራሱ ከሌለስ?»

መምህርቷ አንሶላዋን አስተካከለች። እትዬ መርፌ ሳህኖቹን ሰበሰበች።

«ሾርባው ግን ጥሩ ነበር። ተመስገን» አለች።

«ቆይ አክስቴ፣ ሁልጊዜ ማንን ነው የምታመሰግኚው?»

«የሰማኝን። ካለ ይሰማል፤ ከሌለም አፌን አላመመኝም።»

በዚያው ሳምንት ኮሌጁ አዲስ አሻንጉሊት አስመጣ። ይቺኛዋ ሴት ናት፤ ትተነፍሳለች፣ ዓይኗን ታርገበግባለች፣ ሲነኳት ታቃስታለች። አስተማሪው የሕመሟን መጠን ታብሌት ላይ ከአንድ እስከ አሥር ያስተካክላል። ሦስት ላይ ትቃትታለች፤ አሥር ላይ «አመመኝ! ኧረ እባካችሁ!» እያለች ልብ በሚበላ ድምፅ ትጮሃለች። ተማሪዎቹ ቀኑ ሳይመሽ እመቴ እሪታ የሚል ስም አወጡላት። ጋሼ ዝምታን ጥግ አስይዘው ሁሉም እሷን ከበበ።

ረቡዕ ምሳ ሰዓት ሊደርስ ሲል አንዱ ቀልደኛ ሕመሟን አሥር ላይ አደረገው። ሳቁ፤ የምሳ ሰዓት ሆነ፤ እየተጋፉ ወጡ። ታብሌቱ በራሱ ተቆለፈ። ከምሳ በኋላ ደግሞ የሆስፒታል ልምምድ ስለነበራቸው ማንም አልተመለሰም።

እትዬ መርፌ ምሳዋን በልታ ስትመጣ ኮሪደሩ ላይ ጩኸቱን ሰማችው። በሩን ከፈተች። ባዶ ክፍል፣ በወግ የተነጠፉ አልጋዎች፣ መሃል ላይ እመቴ እሪታ። ሶኬት ፈለገች፤ አሻንጉሊቷ ባትሪ ውስጧ ነው። አንገቷ ሥር ትንሽ ማጥፊያ አለ ሲባል ሰምታ ነበር፤ በዚያ ዓይኗ የት ታግኘው? ግምጃ ቤቱ ተዘግቷል። የክፍሉ ኃላፊ ስብሰባ ላይ ናቸው። በሩን ዘግታ መሄድ ትችል ነበር፤ ዘበኛውም በመስኮት ብቅ ብሎ «ይተዉዋት እትዬ፤ ሲደክማት ትተዋለች» አላት። እሷ ግን ወንበሯን ስባ አጠገቧ ተቀመጠችና እጇን ያዘች። «አይዞሽ» አለቻት። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ሊቁ ጋ ደወለች።

«ልጄ፣ እባክህ ናልኝ። መለማመጃው ክፍል ነኝ።»

«ምን ሆነሽ ነው? ማነው የሚጮኸው? አክስቴ! ማነው እንደዚህ የሚጮኸው?»

«ና ብቻ» አለችና ጩኸቱ ጆሮዋን ስለሞላው ስልኩን ዘጋች።

ኮሌጁ ከቤታቸው በእግር ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። ሊቁ ግን ላብ በላብ ሆኖ በሩን በርግዶ የገባው ግማሹን እንኳ ሳይፈጅ ነው። ነጠላ ጫማ ነው ያደረገው፤ አንደኛው በመንገድ ላይ ተበጥሶ በእጁ ይዞታል። አክስቱን አየ። አልጋው ላይ ያለችውን አየ። ጠጋ አለና የላስቲክ ፊቷን ሲያይ በቆመበት ደርቆ ቀረ።

«አሻንጉሊት?»

«ማጥፊያዋ አልታይ አለኝ። አንገቷ ሥር ነው አሉ።»

ጎንበስ ብሎ አገኘውና አጠፋው። ሊቁ ግድግዳውን ተደግፎ እያለከለከ መሳቅ ጀመረ፤ ሳቁ ግን ደህና ሳቅ አልነበረም።

«በላስቲክ ነው ልቤን ያፈረጥሽው? እኔ እኮ ሰው እየሞተ መስሎኝ!»

«በስልክ ስትሰማት፣ እውነተኛ ትሁን አትሁን አጣራህ?»

«መቼ ጊዜ ነበረኝና!»

«እኮ» አለች እትዬ መርፌ። «ሳታጣራ ሮጥክ። እኔም ከዚህ ሌላ የምለው የለኝም።»

ሊቁ የተበጠሰ ጫማውን አገላብጦ አየው። አክስቱ የአሻንጉሊቷን እጅ አሁንም እንዳልለቀቀች ያኔ ነው ያስተዋለው።

«ከመቼ ጀምሮ እንዲህ ተቀመጥሽ?»

«ከምሳ ወዲህ።»

«አሻንጉሊት መሆኗን እያወቅሽ?»

«እኔ ካላወቅሁ ማን ያውቃል? ስንቱን ቀድጄ ሰፍቻለሁ። ምንም እንደማይሰማት ዘጠና ዘጠኝ እጅ አምናለሁ። እጄ ግን ይህን ሁሉ ስሌት አያውቅም። ዛሬ የሚጮኽን ትቶ መሄድ ካስተማርኩት፣ ነገ ጠዋት እናትህ ዘንድ ይዤው የምቀርበው ይህንኑ እጅ ነው። መለዋወጫ የለኝም።»

እሷ ቀጠለች፤ በልቧ ስታመላልሰው የሰነበተችው ነገር ስለሆነ ጣቷ ባዶ አየር ላይ እየሰፋ ነበር።

«ደግሞ እንዳልከው ይሁን። ሁላችንም የሆነ ሰው መለማመጃ ክፍል ውስጥ የተኛን ነን እንበል። እኔ ያን ሰውዬ ምን ብዬ እንደምለምነው ታውቃለህ? አትውጋኝ አልለውም፤ የሚማረው ነገር ይኖረው ይሆናል፣ ምን አውቃለሁ። ነግረህ ውጋኝ ነው የምለው። እና ለጋሼ ዝምታ የነፈግኩትን እኔ በየትኛው አፌ እለምናለሁ?»

«ባይሰማሽስ? ሰውየው ግድ ባይኖረውስ?»

«እሱ ግድ ከሌለው እኔም ግድ ልጣ? ይልቅ እሱ የረሳውን እኛ እናድርገው እንጂ።»

ሊቁ ከእመቴ እሪታ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ይህ ሐሳብ ግን» አለችው፣ «መቼ ነው የገባህ?»

ሊቁ ጫማውን ወለሉ ላይ አስቀመጠ። «ያን ሰሞን ነው» አለ። «ፋሻውን... የሳብኩ ሰሞን።»

«አውቃለሁ።»

«እውነት ከሆነ ያሳመምኳት እኔ ነኝ። ውሸት ከሆነ ግን በማንም ላይ ምንም አልደረሰም። አየሽ አክስቴ? ማንም ላይ።»

እትዬ መርፌ የአሻንጉሊቷን እጅ አንሶላው ላይ አስቀምጣ የእሱን ያዘች። ከላስቲኩ ይልቅ ቀዝቅዞ ነበር።

«ጥፋትህ ምን እንደሆነ ልንገርህ? ሳትነግራት ሳብከው፤ አለቀ። እሱ ደግሞ ይለመዳል። እጅህን ታጠብ።»

ከዚያ ቀን እስከ ቀጠሮዋ ድረስ ሊቁ በየቀኑ ከምሳ በኋላ መጣ። እትዬ መርፌ ጋሼ ዝምታን ከጥጉ አውጥታ፣ ቁርጭምጭሚቱ ላይ በቀይ ላስቲክ ቁስል ሰፋችለት፤ ፋሻውንም ልክ እንደ እውነተኛው እንዲጣበቅ በዱቄት ሙጫ ለጠፈችው። ሊቁ ተናገረ፣ ጠበቀ፣ ለብ ያለ ውሃ አፈሰሰ፣ ፋሻው እስኪለቅ ታገሠ፤ ምስጋናውን ረሳና ከእጅ መታጠብ ጀመረ። በማግስቱ ትንፋሹን ሳይጠብቅ ነካና እንደገና ከእጅ መታጠብ። ተማሪዎቹ እንደ እግር ኳስ ጨዋታ ከበው ያዩት ነበር።

«ሊቁ፣ ጋሼ ዝምታ ቅሬታ አቅርቦብሃል!»

«ምን ብሎ?»

«እጁ ለስላሳ ነው፣ ወሬው ግን በዛብኝ ብሎ!»

ሐሙስ ጠዋት ሊቁ አክስቱን የዓይን ሆስፒታሉ በር ድረስ አድርሷት ወደ ቤቱ ተመለሰ። ቤት ውስጥ አራት ሰዓት ላይ የሚፈታ ፋሻ ነበረ።

እትዬ መርፌን አረንጓዴ ልብስ አልብሰው አጋደሟት። የሃያ ስድስት ዓመት የመለማመጃ ክፍል ሠራተኛ ናት፤ አልጋ ስታነጥፍ ኖራለች እንጂ እንዲህ በጀርባዋ ተኝታ ጣሪያ አይታ አታውቅም። ፈራች። ጣቶቿ የአንሶላውን ጥልፍ ይቆጥሩ ጀመር። አንድ ግዙፍ ሰው ጭምብል አድርጎ ወደ ክንዷ ቀረበ። ፊቱ አይታያትም፤ ከአልኮሉ ሽታ በኋላ ጥጡ ሲነካት ብቻ ተሰማት። ከዚያ ሰውየው፣ አፉ ከሐሳቡ ቀድሞ እንደሚያውቀው ሁሉ፣ እንዲህ አለ፦

«ጋሼ ዝምታ፣ ይቅርታ፤ አሁን ክንድዎን ትንሽ እወጋለሁ።»

«ማነው ጋሼ ዝምታ?» አሉ ሐኪሙ ከወዲያ።

እትዬ መርፌ ድምፁን አወቀችው። ከስንት ዓመት በፊት በአንድ ከሰዓት ስምንት ጊዜ እጁን ያስታጠበችው ግዙፉ ልጅ ነው። ሳቋ ከሆዷ ተነሣ።

«እትዬ... ወይኔ! እርስዎ ነዎት እንዴ? አፌ ለምዶብኝ ነው እኮ፤ በሽተኛ ሁሉ ፊት እንዲህ እያልኩ እየተሳቀብኝ ነው!»

«ውጋ ልጄ፣ ነግረሃል።»

«ሲስቁ ክንድዎ ይንቀጠቀጣላ!»

የጋሼ ዝምታን ስም ላለማሰደብ ዝም አለች። ልጁ ግን ወዲያው አልወጋም። አንድ ትንፋሽ ጠበቀ። ያቺን ትንፋሽ ዕድሜዋን ሙሉ ለሌሎች ስታዝዝ ኖራለች፤ ውስጧ ምን እንዳለ ግን እስከዚያች ቅጽበት አታውቅም ነበር። ለካ ትንሽ ክፍል ነች፤ ሰው ገብቶ የሚቆምባት። መርፌው ሲገባ አመማት፤ እንደ ማንኛውም መርፌ። ፍርሃቷ ግን ቀድሞ ወጥቶ ሄዷል።

«አመሰግናለሁ፣ እትዬ» አላት ልጁ።

«እኔ ነኝ እንጂ» አለችው።

በማግስቱ ጠዋት ዓይኗ ታሽጎ፣ ሌላኛውም ዕረፍት እንዲያገኝ ጨርቅ ጥላበት፣ ክፍሏ ውስጥ ተጋድማ ነበር። በሩ ክፍት ነው። አራት ሰዓት ሲሆን የሳህኑን ኳኳታ፣ የውሃውን ድምፅ ሰማች።

«እማዬ፣ ፋሻውን ልፈታው ነው።»

«ልትፈታ ነው ወይስ ስብሰባ ልትጠራ?»

«ልፈታ ነው።»

«ተፈቅዷል።»

አንድ ትንፋሽ። ጨርቅ ሲጠቀለል ይሰማል። ከዚያ የሊቁ ድምፅ፣ ቀጠን ብሎ፦ «እዚህ ጋ ተጣብቋል። ውሃ አፈስስበትና እስኪለቅ እንጠብቃለን።»

«እንጠብቅ። እኔ የት እሄዳለሁ?»

ጠበቁ። መምህርቷ የትናንቱን ጎረቤት ማማት ጀምራ ነበር፤ ወሬው መሃል ላይ በድንገት «ወይኔ!» ብላ ጮኸች። እትዬ መርፌ ብርድ ልብሱን ጨበጠች። ጆሮዋ አንድ ድምፅ ብቻ ነበር የሚጠብቀው፤ ያንን ሁለት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ የሰማችውን የበር መዘጋት። አልሰማችውም።

«አለሁ እማዬ። ላቁም?»

«አታቁም። ጨርሰው።»

«እሺ። አሁን በስተቀኝ ነው የምነካሽ።»

ሲያልቅ ውሃው ሲደፋ ተሰማ። ከዚያ ልጁ «አመሰግናለሁ» አለ።

«አንተ? ምን አድርጌልህ?» አለች እናቱ፤ ድምፅዋ ግን እንደ ወትሮው ስል አልነበረም። «እስቲ ሊቁ፣ አሁን እኔ ቁጥር ነኝ ወይስ ሰው?»

«እሱን አላውቅም፣ እማዬ። ነገ ግን ውሃውን ትንሽ ሞቅ አደርገዋለሁ።»

እትዬ መርፌ በጨርቁ ሥር ዓይኗ እንዳይረጥብ፣ ሐኪሙ ስላስጠነቀቋት፣ ጣሪያውን እያሰበች ተመስገን አለች። ቁስሉ ዛሬም አልጠበበም፤ ነገም ያማል። ማንን እንዳመሰገነች ማንም አልጠየቃትም።

ሁለት ሳምንቱ አልፎ ጥቂት ቀናትም ተጨምረውበት ወደ ሥራዋ ስትመለስ፣ ዓለም ታጥባ የተሰጣች መሰለች። አውቶቡሱ ሰማያዊ ኖሯል! ዘበኛው ሸብቷል! የመለማመጃው ክፍል ጣሪያ ላይ ቡና የፈሰሰበት የሚመስል የውሃ ምልክት አለ። እሱን እንኳ ደስ ብሏት አየችው። እመቴ እሪታ አልጋዋ ላይ ናት፤ አንድ ሰው ከራስጌዋ ወረቀት ለጥፏል፦ «ስትወጡ አጥፉኝ። አመሰግናለሁ።»

ከዚያ ጋሼ ዝምታ አጠገብ ተቀምጣ ክንዱን ጭኗ ላይ አደረገች። አየችው። ጠጋ ብላ እንደገና አየችው። ስፌቱ እንደ ዶሮ ዱካ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ አንዱ ጥልፍ ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ አንድ ቦታ ክሩ ለብቻው ሽርሽር ወጥቷል።

«ይህን የሰፋው ማነው?» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

ተማሪዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከእነሱ መሃል አንዲት ቀጭን ልጅ ደፈረች።

«እርስዎ ነዎት፣ እትዬ።»

«እኔ? ከመቼ ጀምሮ?»

«እኛ ከገባን ጀምሮ እንዲሁ ነው።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ! ታዲያ አንድ ሰው እንኳ እንዴት አይነግረኝም?»

«ያምዎታል ብለን ነዋ» አለች ልጅቷ። ቀጥላም፣ ጥፋቱን ለማካፈል፣ «ጋሼ ዝምታም እኮ አልተናገረም!»

እትዬ መርፌ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ በአዲሱ ዓይኗ ተማሪዎቹን አንድ በአንድ እያየች፣ ማን ጠይም፣ ማን ጠቃጠቆ እንዳለበት ለመጀመሪያ ጊዜ እያወቀች። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ጠማማ ስፌት እያዩ፣ እጃቸውን እየታጠቡ፣ «አልነገርከውም» ስትላቸው እሺ እያሉ ኖረዋል።

መቀሷን አወጣች። የክንዱን የመጀመሪያ ጥልፍ በጥፍሯ ከፍ አደረገች።

«ይቅርታ ወንድሜ» አለችው። «ልፈታው ነው።»

አንድ ትንፋሽ ጠበቀች።